ሐኪሙ ጓንቱን ያወለቀበት ቀን

ፀጉር አስተካካይ ዝም ካለ ወይ ታሟል ወይ ምላጩ ጠፍቶበታል ትላለች ሚስቴ ሐሊማ። እውነቷን ነው። ወንበሬ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ስለፈልፍ ነው የኖርኩት። ይሄን አንድ ነገር ግን ለብዙ ዓመት ለማንም አላወራሁም። ያኔ ማውራት ያስፈራ ነበር። በኋላ ደግሞ በአንድ የፀጉር ቁርጥ ጊዜ ውስጥ የሚያልቅ ወሬ አልሆነልኝም። እናንተ ጊዜ ካላችሁ አረፍ በሉና ስሙኝ።

ዩሱፍ እባላለሁ። በደርግ ጊዜ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ዛፍ ጥላ ሥር አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ነበረችኝ። አንድ ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ከኋላ ተራ ለሚጠብቁ አንድ አግዳሚ። ደንበኞቼ የባቡር ሰዎች፣ የፋብሪካ ሰዎች፣ የመጋላ ገበያ ነጋዴዎች ነበሩ። ወሬው በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ይቀጥልና በሶማሊኛ ያልቃል። እጁ ቀላል ነው ይሉኝ ነበር። ስላጨው እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ብዙ ነው፣ አንዳንዱ እንዲያውም ያንኮራፋ ነበር።

እጄ ቀላል ይሁን እንጂ እግሬ ከብዶኝ ነበር። ጢም ሳላበቅል ጀምሬ ቆሜ ነው የሠራሁት። የግራ እግሬ ደም ስሮች ከጉልበቴ በታች እየተጠማዘዙ ወጡ፣ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ያለው ቆዳ ጠቆረ፣ ከዚያም ቆሰለ። ቁስሉ አልድን አለ። ዋግምት ተደረገልኝ። የግመል ስብ ተቀባሁ። ጀልዴሳ ያለው አጎቴ ቅጠል ላከልኝ፣ እሱንም ቀጥቅጠን አሰርንበት። አንዱ ደንበኛዬ ደግሞ ድግምት ነው ብሎ አረፈው። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ያየኝ ሰው ሳይደብቀኝ ነገረኝ፤ ቁስሉ አጥንት ከነካ እግሩ ይቆረጣል አለ። ባንድ እግሩ ቆሞ የሚላጭ ፀጉር አስተካካይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሽመላ አይደለሁም። ልጆቼ ገና ትንንሾች ነበሩ፣ ከምላጭ በቀር የማውቀው ሥራ የለም። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ለሐሊማ ሐኪሙ ደህና ነህ አለኝ አልኳት። አላመነችኝም።

ዶክተር ንጉሤ ፀጉር ቤቴ የገባው በዚያ ሰሞን ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ሰው። ውጭ አገር ተምሮ መጥቶ እኛ ሆስፒታል የተመደበ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። «እንደምን ዋሉ?» አለኝ። እኔ ድሬ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ «አቦ፣ እዚህ አገር እርስዎ የሚባል የለም፣ ሙቀቱ አቅልጦታል» አልኩት። ፈገግ አለ፣ ግን እርስዎ ማለቱን አልተወም። እኔም አንተ ማለቴን አልተውኩም። በዚሁ ተግባባን።

ግማሽ ፊቱን ላጭቼ ወደ ሌላኛው ጉንጩ ስዞር፣ በመስታወቱ ውስጥ ሲያየኝ አየሁት። ሰው መስታወት ውስጥ የሚያየው ራሱን ነው፤ እሱ ግን ከወገቤ በታች ነበር የሚያየው። «የግራ እግርዎን ለምን ያሳርፉታል?» አለኝ። የሆነ ያልሆነውን ቀባጠርኩ። እሱ ሆዬ አረፋው ግማሽ ፊቱ ላይ እንዳለ ከወንበሩ ወርዶ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ሱሪዬን ወደ ላይ ጠቀለለው። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ጨርቁን ፈትቶ ቁስሉን አየ፣ ሽታው አላስጸየፈውም፤ እኔ ግን አፈርኩ። ከዚያ በጣቱ ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ብሽሽቴ ድረስ ደም ስሩን እየተከተለ ዳሰሰ።

ተመልሶ ተቀመጠና ስጨርስለት አስረዳኝ። ከልብ የሚወጣው ደም በደም ቅዳ ይወርዳል፣ የሚመለሰው በደም መልስ ነው። ደም መልስ ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ፤ ደሙ ወደ ላይ ሲሄድ ይከፈታሉ፣ ወደ ታች እንዳይመለስ ይዘጋሉ። የእርስዎ በሮች ተበላሽተዋል፣ ደሙ እግርዎ ላይ ይተኛል፣ ቁስሉ የማይድነው ለዚህ ነው አለኝ። የተበላሸውን ደም መልስ ካወጣነው ይድናል፣ እግሩም አይቆረጥም። እኔ የተማርኩት ይሄንኑ ነው አለ። ጓደኞቹ የወይዘሮ እግር ሐኪም እያሉ ይቀልዱበት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። የጦርነት ዘመን ነው፤ በጥይት የተመታ እየመጣ ስለ አበጠ ደም ስር ማን ይሰማል? ከመጣ ጀምሮ የተማረውን የሠራበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ቀጠሮ ሰጠኝ። ቀጠሮው ሳይደርስ ግን ሰው ልኮ አስጠራኝ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ሆስፒታል እንዲሄድ ታዝዟል። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው። «ነገ ካልሠራሁልዎ ሌላ የሚሠራልዎ ሰው እዚህ የለም» አለኝ። በዚያው ሆስፒታል ተኛሁ።

ከሰዓት በኋላ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር መጥቶ እግሬን ላጨው። መላጨት ከተባለ። ዶክተሩ ተከትሎ መጣና አልጋው አጠገብ አቆመኝ፤ እንደ ቆምኩ እያንዳንዱን ደም ስር በጣቱ እየፈለገ በወይን ጠጅ ቀለም መስመር አሰመረበት፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ መስቀለኛ ምልክት አደረገ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ምን እንደሚያደርግ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። እንግዲህ ከእንቅልፌ ባልነቃስ፣ ሐሊማ ምን ትሆናለች ነበር የማስበው።

ጠዋት ሱብሒ ከሰገድኩ በኋላ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እግሬን በመዳፌ ወደ ላይ ዳበስ አደረግሁት። ሻካራ ነው! እዚህ ጉች፣ እዚያ ጉች ያለ ፀጉር። ወላሂ፣ የላጨው ሰው በግ ቢያገኝ አይራራለትም። ከፍርሃቴ ጋር ንዴት ተጨመረ። ሞት ከመጣ፣ ጌታዬ ፊት በዚህ ዓይነት እግር አልቀርብም አልኩ። የዕቃ ቦርሳዬን ሐሊማ አምጥታልኝ ነበር፤ ምላጬ ያልሄደበት እኔ አልሄድም። ሳሙናውን አረፋ አደረግሁና ከብሽሽቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ፣ ቁስሉን ብቻ ትቼ፣ ልክ ሙሽራ እንደሚላጭ ላጨሁት። የቀለሙ መስመር በአረፋው ተበጠበጠ። ሐኪም የጻፈውን ካርዱ ላይም ይገለብጠዋል ብዬ ነው የገመትኩት። የቀረው ቀለም አስቀያሚ ሆነብኝ፣ የመድኃኒት ጋሪው ላይ ከነበረው አልኮል በጥጥ ነክሬ ጠረግሁት። በመጨረሻ ለተላጨ ቆዳ የሚሆነውን ሸብ አሸሁበት። የሕፃን ጉንጭ መሰለ። 

ኦፕራሲዮን ክፍል ወስደው ጀርባዬን በመርፌ ወጉኝ፣ ከወገቤ በታች ደነዘዘ። የራሴ እግር እንደ ሌላ ሰው እግር አጠገቤ ተጋደመ። ዶክተር ንጉሤ እጁን ታጥቦ፣ ጓንቱን አጥልቆ ገባ። ሲስተር አልማዝ፣ በዕድሜ የገፋች ነርስ ናት፣ አንሶላውን ገለጠችለት።

«ምልክቱስ?» አለ።

ሲስተር ጎንበስ ብላ አየች። እኔ ሆዬ በኩራት፣ «እኔ ነኝ ያጸዳሁት፣ ድሬሰሩ አበላሽቶት ነበር። ንካው እስቲ አቦ፣ ሐር ነው» አልኩት።

ማንም አልሳቀም።  ጥፋት እንደሠራሁ ያኔ ገባኝ፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ሲስተር ናት ቀስ ብላ የነገረችኝ። ደም መልስ ሰው ሲቆም ይሞላል፣ ሲተኛ ባዶ ይሆናል፣ ይጠፋል። ለዚህ ነው አቁሞኝ ያሰመረው። ድሬን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በደረቁ ጊዜ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ውኃው የት የት እንደሚሄድ ማንም አያሳያችሁም። እኔ የጎርፉን መንገድ ጠርጌ ደረቁን አሸዋ ነው ያስረከብኩት። እንዳልቆምና እንዳላሳየው ደግሞ እግሬ ደንዝዟል።

አልጋውን ወደ እግሬ በኩል አዘነበሉት። አንዳንዱ ደም ስር ብቅ አለ፣ ብዙው አልመጣም። ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ይፈልግ ጀመር። እኔ ፊቱን ነበር የማየው፤ የሰው ፊት ማንበብ ሥራዬ ነው። ሲስተር፣ ዋናው መስመር የት እንዳለ ይታወቃል፣ የቀረውን በግምት ቢያደርጉት የሚል ነገር አለችው። ሌላ ቀን የለም፣ እሷም ለእኔ ብላ ነው።  ደግሞ ዳሰሰ። ከዚያ ቀና አለና ጓንቱን አወለቀ። የላስቲኩ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

«አይሆንም» አለ።

ለመንኩት። ሰው ፊት ለምኜ አላውቅም፣ ያን ቀን ግን ለመንኩ። «ነገ ትሄዳለህ። ከአንተ በኋላ ማን አለኝ? ቁረጥ፣ የሚሆነው ይሁን፣ እኔ ፈቅጃለሁ» አልኩት።

«እርስዎ ቢፈቅዱም እኔ አላየሁትም» አለኝ። ወደ ጭንቅላቴ በኩል መጣና ጎንበስ አለ። «ዩሱፍ፣ እርስዎ የሰው ጉሮሮ በጨለማ ይላጫሉ?»

ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ።

«እኔም በግምት አልቆርጥም። እግሩ እስኪነቃ እንጠብቃለን።»

ሌላው ሐኪም ቢሆን ይቆጣኝ ነበር፣ መብቱም ነው። ወይ ደግሞ እንደ ነገሩ ሰፍቶ ይልከኝ ነበር፤ እኔም እያመሰገንኩ እሄድ ነበር፣ ምን አውቄ? ከነገ ጀምሮ የሚጠይቀው ሰው የለም። እሱ ግን በርጩማ አስመጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ወደ መኝታ ክፍል መለሱኝ፣ ተከትሎኝ መጥቶ እዚያም ተቀመጠ። የድሬ ቀትር ነው፣ ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል። አንድ ሰው መጥቶ ለጉዞው የሚፈርመው ነገር እንዳለና አለቆቹ እንደሚፈልጉት ነገረው። እግሩ ሲነቃ እመጣለሁ ብሎ መለሰው። ሰውየው ደግሞ ተመልሶ መጣ፣ ደግሞ መለሰው።

አውራ ጣቴ ሲንቀሳቀስ እንድነግረው አዘዘኝ። እኔ ጣቴን እየጠበቅሁ፣ እሱ እኔን እየጠበቀ ቆየን። ይቅርታ ልጠይቀው ስል፣ «ጥፋቱ የእኔም ነው፣ ምን እንደሆነ አልነገርኩዎትም» አለኝ። ከዚያ ሳልጠይቀው ስለ ነገ ማውራት ጀመረ፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መስኮቱ እያየ።

«እዚያ የሚመጣልኝ እግር አብዛኛው የሚቆረጥ ነው። የሄዱት ነግረውኛል፤ ቀኑን ሙሉ እየቆረጡ መዋል ነው። አልዋሽዎትም፣ ፈርቻለሁ። ከዚያ በፊት አንድ እግር በደንብ አድኜ መሄድ ፈልጌ ነበር።»

እኔ ለሁሉም መልስ ያለኝ ሰው ነኝ። አላህ ያውቃል ብቻ አልኩት። አሁን ድረስ ያናድደኛል፣ ሌላ የምለው ጠፍቶ። እሱ ግን አልቀየመኝም። በሕይወቴ ከሰው ጋር ያን ያህል ዝም ብዬ ተቀምጬ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ አውራ ጣቴ ተነቃነቀች። ቀጥሎ ተረከዜን ወረረኝ። ሐሊማ ደጅ ላይ ተቀምጣ ትጸልይ ነበር፣ ሲስተር ነግራት እልልታዋን በእጇ አፈነችው። እግሬ ሰውነቴን መሸከም ሲችል ዶክተሩ በአንድ በኩል፣ ሲስተር በሌላ በኩል ደግፈው አቆሙኝ። «ከዚህ በኋላ ለቀናት ራስ ምታት ይይዝዎታል፣ ቶሎ ስላነሳሁዎት ነው» አለኝ። ይያዘኝ አልኩት። ቁልቁል ስመለከት ጎርፉ መጣ። ደም ስሮቼ አንድ በአንድ እየሞሉ ወጡ። ስንት ዓመት የጠላኋቸው ነገሮች፣ ያን ዕለት እንደ ዘመድ ናፍቄያቸው ነበር።

እንደገና አሰመረ። ይሄን ጊዜ እያንዳንዱን እየነገረኝ ነው፤ ይሄ ዋናው ነው፣ ይሄ ከውስጥ የሚያፈሰው ነው፣ ቁስሉን የሚያጠጣው ይሄኛው ነው። ሲጨርስ፣ «ሲስተር፣ የዚህ ሰውዬ እጅ ላይ ጥጥ እንኳ እንዳይደርስ» አላት። ቃሬዛው ሲገፋ እጁን አንሶላው ላይ አድርጎ ጎን ለጎን ሄደ። የቀለሙን ነገር ለማንም አልተወም።

በዚህኛው ጊዜ እግሬን ብቻ በመርፌ እያደነዘዘ ሠራ። ያማል፣ አልደብቃችሁም። ግን እጁን አየሁት፤ አንዴም አልተቻኮለም፣ አንዴም አላመነታም። ረጅሙን ደም ስር መዝዞ አውጥቶ በሳህን አሳየኝ። ፓስታ ሲቀርብ ትዝ ይለኛል ስል ሐሊማ ከማዕድ ትነሳለች። እግሬ ከላይ እስከ ታች በፋሻ ተጠቀለለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እሱ ሊፈርም ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ መጣ። የሰፋው ወታደራዊ ጃኬት አድርጓል፣ ጢሙ አድጓል። የተናገረው ራስ ምታት ይዞኝ ጣራው ይዞርብኛል። ሐሊማ ምላጬን አቀብይኝ፣ እንዲህ ሆኖማ አይሄድም ብዬ ልነሳ ስል ዓለም ጨለመብኝ። በደረቴ ገፋ አድርጎ አስተኛኝ። «ስመለስ ትላጨኛለህ» አለኝ። አንተ ያለኝ ያኔ ነው። ሄደ።

ቁስሉ ቀስ በቀስ ጠገገ። ወንበሬ ጋ ተመለስኩ፣ በሁለት እግሬ ቆሜ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ዝም እል ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፀጉር ቤቴ ሞልቶ እያለ፣ ከአግዳሚው ላይ አንድ ሰው፣ የድሃ ልጅ ሰሜን ሄዶ እስኪያልቅ ድረስ ነው ወይ ጦርነቱ የሚያልቀው የሚል ነገር ተናገረ። እኔ ዞሬ ምላጬን በቀበቶው ላይ እየሳልኩ ነበር። ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ጠሩኝና ማን ነው የተናገረው አሉኝ። ያ ጊዜ ምን እንደነበር የኖራችሁበት ታውቃላችሁ፤ ላልኖራችሁበት፣ የአንድ ሰው ስም ማለት የአንድ ሰው ሕይወት ነበር።

ድምፁ የግርማ መስሎኝ ነበር፣ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛው የግርማ። ግርማ ይመስለኛል ብል ይበቃቸው ነበር፣ እኔም ቤቴ እገባ ነበር። አፌ ላይ ደረሰ። እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ደረሰ። የጓንቱ ድምፅ ነው የመለሰኝ።

«ዞሬ ነበር፣ አላየሁም» አልኳቸው።

ድምፁስ የማንን ይመስላል አሉኝ። በግምት አልናገርም አልኩ። የቀበሌው ሰው ግድግዳው ሥር ወሰደኝና፣ ትዝ እስኪልህ እዚሁ ቆመህ አስብ፣ ከተቀመጥክ ስሙ መጥቶልሃል ማለት ነው አለኝ። ከቀትር ጀምሮ ቆምኩ። እኔ ጀግና አይደለሁም፣ እወቁልኝ። አሮጌው እግሬ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሳልቆይ ወድቄ የእናቴንም ስም እሰጣቸው ነበር። ያ የተሰፋው እግር ግን ያዘኝ። አበጠ፣ ነደደ፣ ግን ያዘኝ። ወደ ማታ ላይ እነሱ ሰለቻቸውና ሂድ አሉኝ። በጋሪ ቤቴ ገባሁ፣ ሐሊማ ሌሊቱን እግሬን ትራስ ላይ ሰቅላ አደረች።

ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ የድሮ ደንበኛዬ፣ ሳሙና እየቀባሁት ሳለ፣ ያን ቀን የተናገርኩት እኔ ነበርኩ አለኝ። ግርማ አልነበረም!  እኔ በግርማ እምል ነበር። ግርማ ዛሬ የልጅ ልጅ አለው፣ የመጀመሪያ ፀጉሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ይሄን ሁሉ አያውቅም፤ ካነበበው አሁን ያውቃል።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ብዙዎቻችሁ ምላጭ አትይዙም። ስለ ሰው ግን ታወራላችሁ፣ ትፈርዳላችሁ፣ ይመስለኛል ትላላችሁ። እኔም እላለሁ፣ የፀጉር ቤት ሰው ነኝ። አንዳንዴ ግን መሃል ላይ አቆማለሁ። ዝም ስል ደንበኞቼ ዩሱፍ አመመህ እንዴ ይሉኛል።

ዶክተር ንጉሤ አልተመለሰም። ብዙ ጠየቅሁ፤ አንዱ ታይቷል ይላል፣ ሌላው ሞቷል ይላል፣ ሌላው ውጭ አገር ነው ይላል። የማናቸውንም አልያዝኩም፣ ያየ የለማ። ሽማግሌ ሆኗል፣ በሕይወት ካለ። ጢሙን ያሳደገ የማላውቀው ሰው በሩ ላይ ሲቆም፣ ዛሬም ቀድሜ ዓይኑን ነው የማየው፤ ወደ እግሬ ያየ እንደሆነ። ከእናንተ መሃል የት እንዳለ የሚያውቅ ካለ አንድ መልእክት አድርሱልኝ። ዩሱፍ አሁንም ቆሞ ይላጫል፣ ወንበሩም ይጠብቅሃል በሉልኝ።